ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠው ሳር

ባለፈው ሳምንት ከላይኛው የከተማችን ክፍል ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ መስኮት ዳር ተቀምጬ ስሄድ፣ አደባባዩ ጋ አንድ ሠራተኛ በሞተር ማጨጃ ሳር ያጭድ ነበር። የእርጥቡ ሳር ሽታ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በመስኮቱ ሲገባ አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ፣ ከአነጋገሯ ከሩቅ አገር የመጣች፣ "እማማ፣ አሞዎታል እንዴ?" አለችኝ። "ሳሩ ነው" አልኳት። "አለርጂ አለብዎት?" "አለብኝ" ብዬ ገላገልኳት። ምን ልበላት? ለሌላው ሰው እርጥብ ሳር የበዓል ሽታ ነው፣ ጉዝጓዝ ነው፣ እንቁጣጣሽ ነው። ለእኔ ግን የኮምፒውተር ሽታ ነው። የሞቀ ማሽን አቧራ፣ ከአፍ የሚወርድ ደም፣ ቦይ ዳር የተነቀለ ሳር፣ ሁሉም በአንድነት ይሸቱኛል። ይህን ለአንዲት ልጅ በሚኒባስ ውስጥ ላስረዳ ብል ሲቀላ ሳንደርስ እብድ ናት ብላ ወንበር ትቀይርብኛለች። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ደስ ያለው ያንብበው።

ያኔ ሴቻ ላይ፣ ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች ወረድ ብሎ፣ የፎቶኮፒና የጽሕፈት ቤት ነበረኝ። ዛሬ እዚያ የስልክ ከቨር ይሸጣል። አንድ ገጽ ፎቶኮፒ በሃምሳ ሳንቲም፣ ከሲቀላ ሴቻ በብር ከሃምሳ የሚኬድበት ዘመን ነው፤ ረዳቱ መልስ ሲጠፋበት ማስቲካ እጅህ ላይ ጥሎ የሚያልፍበት። ወንዶቹ ጸጉራቸውን በጄል አቁመው፣ ሴቶቹ በጠባብ ጂንስ ላይ እንደ ቆርቆሮ ሰፊ ቀበቶ ታጥቀው ያልፉ ነበር። የተማረ መባል የፈለገ ሁሉ ፍላሽ ዲስክ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ውስጡ ዘፈን እንጂ ሌላ የለበትም። ፊት ለፊቴ ሲዲ የሚገለብጥ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ አንዱን የጋሞኛ የሠርግ ዘፈን ከጠዋት ጀምሮ እየደጋገመ ጭንቅላቴን ሲያዞረው ይውላል። እኔ ደግሞ ረጅም የእንጨት ማስመሪያ ነበረኝ። ታይፕ ስታስተምሪ ጣቱን እያየ የሚመታ ሠልጣኝ ካጋጠመሽ መድኃኒቱ እሱ ነው፤ ጣቱ ላይ ቋ! ማድረግ። ስንቱን የመንግሥት ጸሐፊ በዚያ ማስመሪያ እንዳወጣሁት እኔና የእነሱ ጣቶች እናውቃለን። ዛሬ ቢሆን ያስከስሰኝ ነበር።

የኋላዋን ክፍል ለሦስት ወጣቶች አከራየኋት። ያሬድ የደሴ ልጅ ነው፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ሲጠብቅ የቀረ፣ አፉ ፈጣን፣ ኮምፒውተር ላይ እጁ ከአፉ የፈጠነ፣ ቁጣው ደግሞ ከሁለቱም የቀደመ። ማልዴ ከጋሞ ደጋ፣ የኦቾሎ ሸማኔ ልጅ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ አንዴ አይሆንም ካለ በሬ ቢጎትተው የማይነቃነቅ። መሠረት ከሶዶ የመጣች ናት፤ ሥራዋ ሁለቱ የሠሩትን በየመንገዱ እየሞከረች ማበላሸት ነበር። "እትዬ ስንዱ፣ እኔ የምበላው በመስበር ነው" ትለኝ ነበር። የምትበላውስ መቼ ኖሮ!

የሠሩት ነገር የውኃ ተራ ይባላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ላንቴ ላይ ሙዝ የሚያለማው ገበሬ የቦዩን ውኃ የሚያገኘው በተራ ነው። ተራውን ድሮ ውኃውን የሚያከፋፍለው ሽማግሌ፣ የውኃ አባቱ፣ እየዞረ በቃል ይናገር ነበር። ልጆቹ ያንን ወደ ስልክ አመጡት፤ ሰኞ ማለዳ ለእያንዳንዱ ገበሬ የሳምንቱ ተራው በመልእክት ይደርሰዋል። ሶፍትዌሩ ክፍት ነበር። ክፍት ማለት አንጀቱ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቶ፣ የፈለገ ገብቶ ያየዋል፣ ይወስደዋል፣ የተበላሸ ካገኘም አርሞ ይልክላቸዋል። አይተውት የማያውቁት የሩቅ አገር ሰው ያረመውን ልኮላቸው ሲያገኙ እንደ ቤተ ዘመድ ስጦታ ይጨፍሩ ነበር። "ታዲያ ማን ይከፍላችኋል?" አልኩት ያሬድን። "ማንም!" አለኝ በኩራት። "ኪራዬን ግን የሚከፍል ሰው አለ አይደል?" ብዬ ነው የተውኩት።

ከመጻፉ የባሰው ሥራ ግን ምን ይቅደም፣ መቼ ይለቀቅ የሚለው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢዬ ውስጥ ማንጎው ሥር ይሰበሰባሉ። ሕጉን ያመጣው ማልዴ ነው። በጋሞ ደጋ ዱቡሻ የሚባል ሜዳ አለ፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ ጉዳዩን የሚጨርስበት። እጅ ማውጣት፣ ድምፅ መቁጠር የለም፤ ሁሉ ይናገራል፣ ሁሉ እስኪስማማ። እኔ የድሮ ጥቁር ሰሌዳዬን ግንዱ ላይ አስደግፌ የሶፍትዌሩን ሳንካዎች፣ ስሕተቶቹን ማለት ነው፣ በሦስት ረድፍ እጽፍላቸዋለሁ፤ የሚያቃጥል፣ የሚያሳክክ፣ የሚተኛ። የሚያቃጥለው ሳይስተካከል ምንም አይለቀቅም። የሚያሳክከው ጊዜ ከተረፈ ይታያል። የሚተኛው ይተኛል። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ አዲስ ቨርዥን፣ የታረመው ቅጂ፣ ይለቀቃል፤ መብራት ቢጠፋም ጀነሬተር ተለምኖ።

ሲሰሙት ሰላማዊ ሥራ ይመስላል። ውሸት! እንደዚያ ያለ ጠብ የበዛበት ቤት አይቼ አላውቅም። አንድ ሳንካ ከሚያሳክክ ወደ ሚተኛ ወረደብኝ ብሎ ያሬድ ወንበር ግድግዳ ላይ ፈጥፍጧል። መሠረት በንዴት የወረወረችው የሻይ ብርጭቆ ጆሮዬን ስቶ አልፏል። ማልዴ እንኳን፣ ያ ዝምተኛው፣ አንድ ቀን የያሬድን አንገት ይዞ ማንጎው ላይ አጣብቆት በማስመሪያዬ ክንዱን እስክቀጠቅጠው አልለቀቀም። ሁሉም የሚጣሉት ለማያውቁት ገበሬ ነው፣ ያውም በነፃ። ዛሬ ስልኬ በየሳምንቱ "አዲስ ቨርዥን ወጥቷል" እያለ ሲነዘንዘኝ፣ ከዚያች ማስታወቂያ ጀርባ ማን ማንን አንቆ ይሆን እላለሁ። የእህቴ ልጅ ትስቃለች። እሷ ምን ታውቃለች።

ሳሩ የመጣው ይህን ጠብ ለማብረድ ነው። በጋሞ ሁለት ወገን ተፋጥጦ ገጀራና ዱላ ሲመዘዝ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ነቅለው በእጃቸው ይዘው መሐል ይንበረከካሉ። ያንን ሳር አልፎ የሚሄድ ሰው የለም፤ ካለፈ በሱም በዘሩም ላይ ክፉ ይመጣበታል፤ ጎሜ ይሉታል። ማልዴ ከአንገት ማነቁ ማግሥት ከልብስ ማጠቢያዬ ሥር የበቀለውን ሳር ጭብጥ አድርጎ ነቀለና ገባ። ቨርዥን የሚለቀቅበት አንድ ኮምፒውተር ነበር፤ ጥቁር፣ አሮጌ፣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ። ሳሩን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠው። "ከዛሬ ጀምሮ፣ 'ይህ ቨርዥን መውጣት የለበትም' ያለ ሰው ሳር ያስቀምጣል። ያስቀመጠው ራሱ ካላነሣው ማንም አይነካውም፣ ማንም አይለቅም። መጮህ የለም፣ መማታት የለም" አለ። ያሬድ መጀመሪያ ሳቀ፤ "ከብት ነን እንዴ?" አለ። በሚቀጥለው ወር ግን ራሱ ሄዶ ሳር ሲነቅል ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ወንበሮቼም ዕድሜያቸው ረዘመ። የማያውቋቸው የውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ አንድ ቨርዥን እንዲዘገይ ሲፈልጉ "ሳር" ብለው ይጽፉላቸው ጀመር።

አንድ ከሰዓት ቀዩ ታደሰ መጣ። ላንቴ ላይ ሁለት ታደሰ ቶማ አሉ፤ ዘመድ አይደሉም፣ እንዲያው ስማቸውም የአባታቸው ስምም የገጠመ። አገሩ አንዱን ረጅሙ ታደሰ፣ ሌላውን ቀዩ ታደሰ ይለዋል። ቀዩ ታደሰ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ሳቂታ፣ አባቱ ከሞተ እናቱን ይዞ የሚኖር ሰው ነበር። የሙዝ ዘለላ በትከሻው ተሸክሞ ገባና ፎቶኮፒ ማሽኔ ላይ ዘረገፈው። "እትዬ፣ ይሄ ስልክ ለእኔ ዝም ይላል" አለኝ። "ለረጅሙ ታደሰ ሁለቴ ይነግራል። ለእኔ የለም። የኔ ሙዝ ውኃ አይጠጣም እንዴ?" እየሳቀ ነው የተናገረው። መሠረት ኮምፒውተሩ ላይ ቆፍራ አገኘችው። ሶፍትዌሩ ሰውን የሚለየው በስሙና በአባቱ ስም ነበር። ሁለቱን ታደሰ አንድ ሰው አድርጎ የቀዩን ተራ ለረጅሙ ደርቦ ሰጥቶታል።

ቅዳሜ ማንጎው ሥር ጉዳዩ ቀረበ። "ይህ የሚያቃጥል ነው" አለች መሠረት። "ሁለት ሰው!" አለ ያሬድ። "በመላው ላንቴ ሁለት ሰው። ለሁለት ሰው ብለን መልቀቂያውን ልናራዝም ነው? ደረቁ ወቅት ገባ እኮ፣ ገበሬው ሁሉ አዲሱን ቨርዥን ይጠብቃል።" ማልዴ ተነሥቶ ሰሌዳው አጠገብ ቆመ። "የውኃ አባቱ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ለቀዩ በቃሉ ይንገረው፣ እኛ በሚቀጥለው ወር እናስተካክል" አለ። መሠረት ትንሽ ተሟግታ ተስማማች። እኔም የሚያሳክክ በሚለው ረድፍ ጻፍኩት። ቨርዥኑ በቀኑ ተለቀቀ፤ ሳምቡሳ ገዝተን በላን። ደግሞም በትክክል ሠራ፤ ለሁሉም ሠራ፣ ከአንድ ሰው በቀር።

የውኃ አባቱ ለዘመድ ለቅሶ ደጋ የወጣ ሳምንት ነው ነገሩ የፈነዳው። ለቀዩ የሚነግረው ሰው አልነበረም። እሱም በለመደው ቀን አካፋውን ይዞ ወረደና ቦዩን ወደ ማሳው ከፈተ። ረጅሙ ታደሰ ደረሰበት። "ተራው የኔ ነው፣ ይኸው ተመልከት" ብሎ ስልኩን ፊቱ ላይ ዘረጋለት። ቀዩ ስልኩን ነጥቆ ውኃው ውስጥ ወረወረው። ረጅሙ በጥፊ አጮለው። ቀዩ በያዘው አካፋ ግንባሩን አለው። አጥንቱ እስኪታይ ተተረተረ አሉ፤ የቦዩ ውኃ ቀልቶ የሰው ማሳ ገባ። ረጅሙ ታደሰ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሲሰፋ ወንድሞቹ በር ላይ ቆመው ማሉ። ሰኞ አዲሱ ተራ ሲመጣ ቀዩን ቦዩ ላይ ካገኘነው በሕይወት አይመለስም አሉ። ይህን ላንቴ ሁሉ ሰማ፣ እኛም ሰማን።

ሰሌዳው ላይ ያለውን የሚያሳክክ አጥፍቼ የሚያቃጥል ብዬ ስጽፍ ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰኞ ማለዳ የሚወጣው መልእክት ሁለቱን ለይቶ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ቀን ከሰጠ፣ ቀዩና የረጅሙ ወንድሞች ቦዩ ላይ አይገናኙም። ካልለየ ይገናኛሉ። ያሬድ ሳይተኛ ሠራው። የአያት ስም ጨመረበት፤ ታደሰ ቶማ ዳና ሌላ፣ ታደሰ ቶማ አይሳ ሌላ። ሐሙስ ዕለት ጨረሰና ዓይኑ ደም ለብሶ "ልለቀው ነው" አለ። ማልዴ ተነሥቶ ወጣ፤ ሲመለስ በእጁ ሳር ይዟል። ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠው።

"ምን ማለትህ ነው?" አለ ያሬድ።

"የአያት ስማቸው ያልተመዘገበ ገበሬዎች አሉ፣ ብዙ ናቸው" አለ ማልዴ በዚያ በዝግታው። "ያንተ ቨርዥን ለነሱ መልእክት አይልክም። ሁለቱን ታደሰ ታስታርቅና መንደሩን ሁሉ ታጋድላለህ።"

"ሰው ሊሞት ነው! ሰው!"

"እኔም እሱን ነው የምልህ።"

ያሬድ ዞር ብሎ ጥግ ላይ ከተከመሩት የማይሠሩ ኪቦርዶች አንዱን አነሣና በሁለት እጁ የማልዴን አፍ አለው። የፕላስቲክ ድምፅ አልነበረም። ፊደሎቹ እንደ በቆሎ ፍሬ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሁለተኛ ሊመታው ሲያነሣ መሠረት ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች፣ እኔ ማስመሪያዬን ጀርባው ላይ ሰበርኩት። ማልዴ አልመታውም። መምታት ይችል ነበር፤ ያን ልጅ በአንድ እጁ አንሥቶ በመስኮት መጣል ይችል ነበር። ደሙን መዳፉ ላይ ተፋ፣ ተመለከተው፣ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ወደ ኦቾሎ፣ ወደ ቤቱ። እኔ መጥረጊያ አምጥቼ ስጠርግ ከፊደሎቹ መሐል የማልዴን ጥርስ አገኘሁት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተነሥቼ ያሬድን በስድብ አጠብኩት።

መሠረት አላለቀሰችም። ዓርብ ማለዳ ላንቴ ወርዳ ከደጋ ከተመለሰው የውኃ አባት ጋር ቤት ለቤት ዞረች። የአያት ስሙን ሁሉ ሰብስባ ቅዳሜ አስገባችው። ማልዴ የፈራው ነገር ቀረ። ቨርዥኑ ሙሉ ሆነ። ሁሉም ዝግጁ ነው፤ አንድ ጣት ቁልፍ ላይ ማሳረፍ ብቻ። ሳሩ ግን እዚያው ነው፣ ጫፉ መጠውለግ ጀምሯል። ያስቀመጠው ሰው ኦቾሎ ነው፤ ስልኩን ዘግቷል።

ይህን ለሰው ባወራሁ ቁጥር "ሳር አይደል? ምናለ አንሥታችሁ ብትጥሉት?" ይሉኛል። ቀላል ነው፣ እዚያ ላልነበረ። መሠረት አልነካውም አለች። እኔ ቀርቤ እጄን ዘርግቼ መለስኩ፤ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ የዚያ አገር ልጅ አይደለሁ፣ በጎሜ አላምን። ይነካዋል ብዬ የጠበቅኩት ያሬድን ነበር። "ከብት ነን እንዴ" ያለውን ያሬድን። ሳሩ ፊት ቆሞ ቆሞ፣ "ጥርሱን ሰብሬ ደግሞ ሳሩን ልጣል?" አለና ጃኬቱን አነሣ። "እሄዳለሁ። እለምነዋለሁ። ነገ እሑድ ነው፣ እስከ ማታ እንመለሳለን።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን ተነሣን። ለዕርቅ የሚሄድ ሰው እርጥብ ሳር መያዝ አለበት። የኔ ግቢ ሳር በድርቁ አልቆ ነበር። ወደ ኦቾሎ የሚወስደው መንገድ በላንቴ በኩል ያልፋል፤ በዚያ ወቅት አረንጓዴ ነገር ያለው ቦዩ ዳር ብቻ ነው። የተሳፈርንበት የጭነት መኪና ውኃ ሊሞላ ሲቆም ያሬድ ዘሎ ወረደ፤ ቦዩ ዳር ተንበርክኮ በሁለት እጁ ሙሉ ነቀለና ጃኬቱ ሥር ሸጎጠው። የሰው ዓይን አፍሮ ነው። መንደሩ ጸጥ ያለ ነበር። አንዲት ሴት ከሙዝ ማሳ ወጥታ ቆማ ስታየን ትዝ ይለኛል። መኪናው ተነሣ፣ እኛም ወጣን።

ኦቾሎ እንደደረስን የማልዴ ታላቅ ወንድም ከሸማ ዕቃው ጉድጓድ ወጥቶ መጣ። በቀይ በቢጫ የተሸመነ ዱንጉዛ ሱሪ የታጠቀ፣ ከማልዴ የሚሰፋ ሰው ነው። "ከናንተ ጥርስ የሰበረ የትኛው ነው?" አለ። ያሬድ "እኔ ነኝ" አለ። ሰውየው በር ላይ የነበረ ዱላ አንሥቶ ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ያሬድ ወደቀ። ሲነሣ ጎኑን ደገመው፤ ሲሰነጠቅ የተሰማው ዱላው ይሁን የጎን አጥንቱ አላወቅንም። መሠረት በጋሞኛም በወላይትኛም ትጮሃለች። እኔ የሰውየውን ወገብ ይዤ እጎተታለሁ። ያሬድ በዚያ መሐል ጃኬቱን ከፍቶ ሳሩን አወጣና በጉልበቱ ሆኖ ዘረጋው። ዱላው አየር ላይ ቀረ። ሰውየው የመታውን ሳይሆን ሊመታ የነበረውን ፈርቶ ዱላውን ጥሎ አንገቱን ደፋ።

ማልዴ ወጣ። ከንፈሩ አብጦ ለመናገር ይቸገራል። ከሳሩ ግማሹን ከያሬድ እጅ ወሰደ። "ከየት ነው?" አለው። "ከላንቴ፣ ከቦዩ ዳር።" "እርጥብ ነው" አለ ማልዴ፤ አጠገቡ ተንበርክኮም አቀፈው። ያን ጊዜ ያለቀስኩት ልቅሶ የደስታ ነበር፤ ከልቤ ነው የምለው። ከዚያ ወዲያ ተነሥቶ መሄድ አይቻልም። የታረቀ ሰው ሳይበላ ከወረደ ዕርቁ ዕርቅ አይደለም። ያ ሲደበድብ የነበረ ወንድም ራሱ ኩርኩፋውን አቀረበ፣ በበቆሎ ዱቄትና በሽፈራው ቅጠል የተሠራውን፤ ገና የሚያቃስተውን ያሬድን በእጁ አጎረሰው። ሳቅን። ሽማግሌዎች መጡ፣ መረቁ። ፀሐይ ወደ ደጋው ተራሮች ዘንበል ስትል በሙዝ ጫኝ መኪና ላይ ተሳፍረን ወረድን፤ ማልዴና ያሬድ ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ነበር።

ላንቴ ላይ ሰው መንገዱን ዘግቶ አስቆመን። ቃሬዛ ተሸክመዋል። "ሐኪም ቤት! ሐኪም ቤት!" ይላሉ። ሳንጠይቅ እላያችን ላይ ጫኑት። ቀዩ ታደሰ ነበር። የረጅሙ ወንድሞች ሰኞን አልጠበቁም። መልእክቱንም አልጠበቁ። ከቀትር በኋላ ማሳው ውስጥ ሙዝ ሲመለምል በገጀራ ገቡበት። ግራ ክንዱ በቆዳ ተንጠልጥሏል፤ አንገቱ ሥር እጅ የሚያስገባ ቁስል ተከፍቷል። ማልዴ ሸሚዙን ቀዶ ቁስሉ ውስጥ ወተፈው፣ በሁለት መዳፉ ተጫነው፤ ደሙ በጣቶቹ መሐል እየፈላ ይወጣል። ያሬድ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ ይዞ "አይዞህ፣ አይዞህ፣ ነገ ተራህ ነው፣ ለብቻህ ነው፣ ለይተነዋል" ይለዋል። ሰምቶት እንደሆነ እንጃ። መኪናው እየዘለለ እኔ ደሙ ውስጥ ተንሸራትቼ ወደቅሁ። ሲቀላ ስንደርስ ማልዴ እጁን አነሣ፤ የሚወጣ ነገር አልነበረም።

ማታውኑ ሴቻ ወጥተን፣ ማልዴ በዚያው ደም በነካው እጁ ሳሩን ከኪቦርዱ አንሥቶ ቨርዥኑን ለቀቀው። ሰኞ ማለዳ መልእክቱ በትክክል ወጣ። አንድም ሰው አልተደረበም፣ አንድም አልተዘለለም። ያ ቨርዥን እስከ ዛሬ ይሠራል ይሉኛል፤ ሰዎች ወስደው ለሌላ አገር ቦይ አድርገውታል። ሦስቱ ግን ቅዳሜ ማንጎው ሥር ዳግመኛ አልተሰበሰቡም። ያሬድ እዚሁ ከተማ ያስተምራል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ልጆቹ ያወራኛል።

ለቀዩ ታደሰ ለቅሶ የሄድነው በሞተ በሦስተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ከማሳው ዳር ተተክሏል፤ ማንም ስላልመለመለው የሙዙ ቅጠል ድንኳኑ ላይ ወድቋል። ወደ ኦቾሎ ለምን እንደወጣን ላንቴ ሁሉ ሰምቶ ነበር፤ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። የቀዩ ታደሰ እናት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ፊቷ በጥፍሯ ተቦጫጭሮ፣ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ መጣችና ፊታችን ቆመች። መንገድ ላይ ቆማ ስታየን የነበረችው ሴት መሆኗን ያን ጊዜ አወቅሁ። በጋሞኛ ተናገረች፤ አልጮኸችም፣ ቀስ ብላ ነው። መሠረት ገብቷት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ማልዴ መሬት መሬት ያያል። "ምን አለች?" አለ ያሬድ። "ማልዴ፣ ምን አለች? ንገረኝ።"

ማልዴ በዚያ ባበጠ አፉ፣ ቃል በቃል፣ ወደ አማርኛ መለሰልን።

"ከቦያችን ዳር ሳር ስትነቅሉ አየኋችሁ፣ አለች። ለልጄ መጡለት ብዬ፣ እግዜር ይስጣቸው ብዬ፣ ልቀበላችሁ ወጣሁ። እናንተ ሳሩን ይዛችሁ ወደ ላይ ሄዳችሁ። ለማሽናችሁ ሳር ያዛችሁለት፤ ለልጄ ማን ያዘለት? አለች።"